አያያዝ

ያልተበላሸ ዕቃ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ብዙዎቻችን «ሥራ ፈት» ብለን እናልፋለን። ዕቃ የሚፈታው ሲበላሽ ነው፤ የሚሠራውን መነካካት ነገር ፍለጋ ነው።

በዚህ ሒሳብ ከሄድን ዓለም ላይ ሥራ ፈቱ ብዙ ነው። በሪሞት የሚነዳ የእሽቅድምድም ባጊ ያላቸውን ሰዎች ማለቴ ነው። ባጊ አፈርና አሸዋ ላይ እንዲሮጥ የተሠራ፣ ጎማዎቹ ከገላው ወጣ ወጣ ያሉ ቀላል መኪና ነው። የነዚህ ሰዎች ባጊ ደግሞ የእውነተኛው አንድ አሥረኛ ነው፤ ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል፣ ክብደቱ 1.6 ኪሎ ገደማ ነው፣ በባትሪ ይሄዳል፣ አራቱም ጎማው ይስባል። አንድ ዙር ውድድር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ለዚያች አምስት ደቂቃ ሲል ባለቤቱ ምሽቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ቡሎን ይፈታል፣ ኩሽኔታ ያጸዳል፣ ዘይት ይቀይራል። መኪናዋ ግን ምንም አልሆነችም። ትናንት ስትሮጥ ነበር፤ ባይነካትም ነገ ትሮጥ ነበር።

እኔ ቡታጅራ ላይ እንዲህ ያለ ባጊ የያዘ ልጅ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ሽቦ ጠምዝዞ፣ ከአሮጌ ሸበጥ ጎማ ቆርጦ መኪና የሠራ ልጅ ነው። እሱም መኪናው ወደ አንድ ጎን ስትጎትትበት ቁጭ ብሎ የፊቱን ሽቦ ያቃናል። ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ ምክንያቱ ላይ ነው። የእኛው ልጅ የሚያቃናው ሌላ መግዛት ስለማይችል ነው እንላለን። ጃፓን ወይም እንግሊዝ ያለው ተወዳዳሪ ግን መግዛት እየቻለ ነው የሚያቃናው። ታዲያ ዕቃን ተንከባክቦ መያዝ ምንድን ነው? የድህነት ልማድ ነው ወይስ ምግባር?

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አገራችን ውስጥ መጠገን የማጣት ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው። የተጣፈ ሱሪ፣ የተበየደ ድስት፣ ሦስት ጊዜ ስክሪኑ የተቀየረ ስልክ። ሀብታም መሆን ማለት ለብዙዎቻችን ከጠጋኝ ደጅ መገላገል ማለት ነው። «እግዜር ሲሰጠኝ አዲሱን እገዛለሁ።» ይሄ እውነት ከሆነ መንከባከብ ምግባር አይደለም፤ ገንዘብ ሲመጣ የሚጠፋ ጠባይ ነው። ባጊው ላይ የቆምኩትም ለዚህ ነው። ችግር የማያስገድደው ሰው እየተንከባከበ ከተገኘ፣ ነገሩ ከማጣት ውጭ ሌላ ሥር አለው ማለት ነው።

እስቲ ሥሩን እንፈልገው።

የዚህ ዓይነት ባጊ ታሪክ አርባ ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያው የአንድ አሥረኛ ኤሌክትሪክ ባጊዎች የዓለም ሻምፒዮና በ1985 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴል ማር ላይ ተደረገ። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ታሚያ «ሆትሾት» የተባለውን ባለ አራት ጎማ ጉልበት ባጊውን ገበያ ላይ አዋለ። የሚሸጠው ተገጣጥሞ አልነበረም። ካርቶኑ ሲከፈት ቡሎን፣ ጥርስ፣ ብረትና ፕላስቲክ በየከረጢቱ ነው፤ መኪናውን የሚሠራው ገዢው ራሱ ነው። ዛሬም የውድድር ባጊዎች በአብዛኛው እንደዚያው ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በእጁ የገጠመው ሰው እያንዳንዱ ቡሎን የት እንዳለ፣ ለምን እዚያ እንደገባ ያውቃል። የእኛ ስልክ ግን ኪሳችን ውስጥ ሆኖም እንግዳችን ነው። ከፍለንበታል፤ አናውቀውም።

ገጥሞ ሲጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ገና መጀመሩ ነው። ዲፈረንሻሉን እንውሰድ። መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ብረት ጥርቅም ተደርገው ቢታሰሩ አንዱ መንሸራተቱ አይቀርም። ዲፈረንሻል እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የጥርሶች ስብስብ ነው። ባጊው ላይ ደግሞ ውስጡ ሲሊኮን ዘይት ይሞላል። ዘይቱ ከወፈረ ሁለቱ ጎማዎች ይበልጥ ተያይዘው ይዞራሉ፤ ከቀጠነ እንደልባቸው ይለያያሉ። ሾኮቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ዘይት ቀጠን ካለ መኪናዋ ቶሎ ትዘላለች፣ ወፈር ካለ ትከብዳለች። ብርድ ሲሆን ዘይት ስለሚወፍር፣ ጠዋት የተስማማው ከሰዓት አይስማማም። ነጂው ይሄን ሁሉ ወረቀት ላይ ይጽፋል፦ የዘይቱን ውፍረት፣ የስፕሪንጉን ጥንካሬ፣ ሻንሲው ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ የጎማውን ዘመምታ። ሲቀይርም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስት ነገር ቀይሮ መኪናዋ ብትሻሻል የትኛው እንዳሻሻላት አያውቅማ!

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው ግን አንድ ነጥብ ላይ ነው። የዲፈረንሻሉ ዘይት አንድ ቀን ድንገት አይበላሽም። በጎሚኒው በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይጎድላል፣ ከሚበላው ጥርስ ጋር እየተቀላቀለ ይቆሽሻል። መኪናዋ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ትከፋለች። ነጂውስ? ነጂው ይለምዳታል። ሳያውቀው መሪውን ቀደም አድርጎ ያዞራል፣ ኩርባ ላይ ቀስ ይላል። ብትጠይቁት «ደህና ናት» ይላል። አይዋሽም፤ እጁ ከጉድለቱ ጋር ስለተስማማ ነው። ስለዚህ ያወቁት ሰዎች ችግር እስኪሰማቸው አይጠብቁም። ይሄን ያህል ከሮጠች በቃ ትፈታለች። የሚፈቱት ስለተበላሸች ሳይሆን ቀኑ ስለደረሰ ነው። ባትሪውንም ቢሆን ሞልተው አያስቀምጡትም፤ ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ ለሳምንታት ከተቀመጠ ሳይሠራ ያረጃል፣ ያብጣል። እያንዳንዷ ሕዋስ ከ4.2 ቮልት ወደ 3.8 አካባቢ ወርዳ ትቀመጣለች። ቁጭ ያለ ነገር እንኳ አያያዝ ይፈልጋል ማለት ነው።

ይሄን ቃል ልብ በሉልኝ፦ አያያዝ።

አማርኛ «ጠገነ» ሲል መጀመሪያ ስብራት አለ። አጥንት ይሰበራል፣ ወጌሻ ይጠግናል። ጣሪያ ያፈሳል፣ ይጠገናል። ከስብራት በፊት ላለው ሥራ ጋራዥ ውስጥ «ሰርቪስ» የሚል የውጭ ቃል ተውሰናል። ግን የራሳችንም ቃል አለን፤ በምርመራ ዓይን አይተነው አናውቅም እንጂ። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» ይባላል። ጭብጦው የማን እንደነበረ ተረቱ ክርክር ውስጥ አይገባም፤ የልጁ ነበር። የተቀማው ባለቤት ስላልነበረ አይደለም፤ አያያዙ ላልቶ ስለታየ ነው። ባለቤትነትና አያያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው በብር ይገኛል። ሁለተኛው በእጅ፣ በዓይንና በጊዜ ካልሆነ አይገኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለውም ያው ነው፤ ቅጠሉ የሚሠራው ሳይቃጠል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ትክክልም ነው። «ወንድሜ፣ ስለ መጫወቻ ነው የምታወራው። የዚህ ባጊ ዋጋ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። አሻንጉሊቱን ሲያሻሽ የሚያመሽ ሰው እናቱን በዓመት አንዴ የማይጠይቅ ሊሆን ይችላል።» አዎ፣ ሊሆን ይችላል። መኪናውን በየጠዋቱ የሚያጥብ፣ ሚስቱን የሚያስለቅስ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዕቃ አያያዝ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም። ባጊው ላይ አያያዝ ቀላል የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ የገዛው፣ የሚነዳው፣ ድምፁን የሚሰማው፣ የሚያሸንፈው አንድ ሰው ነው። የደከመው ለራሱ ነው። እንግዲህ ፈተናው የሚመጣው እነዚህ ነገሮች ሲለያዩ ነው። ይሄን ለማየት ደግሞ ቡታጅራ ከዴል ማር የተሻለች ትምህርት ቤት ናት።

ባጃጅ እንውሰድ። አስፋልቱ ላይም፣ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንችም የከተማው እግር ባጃጅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነዳት ልጅ ባለቤቷ አይደለም። ባለቤቱ ሱቅ ያለው፣ ወይም አዲስ አበባ የሚኖር፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። ልጁ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የእሱ ነው። አሁን አንድ ቀን ፍሬኑ ላይ ስስ ድምፅ መጣ እንበል። መጀመሪያ የሚሰማው ማነው? ልጁ። ጋራዥ ቢያቆማት ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ገቢው ግን አይቀርለትም። ስለዚህ ዝም ይላል፣ ፍሬኑን ቀደም አድርጎ መርገጥ ይለምዳል። ልክ እንደ ባጊው ነጂ «ደህና ናት» ይላል። የሚሰማው ባለቤት አይደለም፤ ባለቤቱ አይሰማም። ከኋላ ልጅ አዝላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ደግሞ ባለቤትም አይደለችም፣ ድምፁንም አትለየውም፤ ሕይወቷ ግን ያለው እዚያ ፍሬን ላይ ነው።

ጥፋቱ የማነው? ሰው በአብዛኛው ልጁን ይወቅሳል፤ «የሰው ዕቃ አይታዘንለትም» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሰማ ሰው ኃላፊነት አለበት። ማወቅ ራሱ ዕዳ ነው፤ የፍሬኑን ድምፅ የሰማ ሰው ያልሰማ ሊሆን አይችልም። ግን እዚህ ጋ ብናቆም ለባለ ገንዘቡ ፈርደን መሄዳችን ነው። መስማትን ለልጁ ኪሳራ ያደረገው ስምምነቱ ነዋ! የሰማ ቀን የሚከስር ከሆነ ጆሮው ቀስ በቀስ መደንቆሩ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የባለቤቱ ዕዳ ከልጁ ይቀድማል። በወር አንድ ቀን፣ ያለ ገቢ፣ ባጃጇ ብትሠራም ባትሠራም የምትፈተሽበት ቀን መስጠት አለበት። ቸርነት አይደለም። ሀብቱ በሌላ ሰው ጆሮ የሚጠበቅ ሰው፣ ጆሮውን መክፈል አለበት። «ሥራህን አክብር» ብሎ ልጁን መምከር ይቀላል፤ ልጁ ሥራውን አክብሮ ራቱን እንዳያጣ ማድረግ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ይሄ ነገር ከባጃጅ ያልፋል። ቤተሰብ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማ ልጅ አለ፤ የአባቱ ሳል እንደተለወጠ ያወቀ። መሥሪያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምታይ ጸሐፊ አለች፤ የሚጎድለውን ሒሳብ። ሲናገሩ «አንተ ደግሞ ሟርተኛ»፣ «አንቺ ምን አገባሽ» ይባላሉ። እንዲህ የምንል ከሆነ እኛም ገቢውን የማይቀንሰው ባለቤት ሆነናል።

ማንም ብቻውን ባለቤት ያልሆነበት ነገርስ? ለዚህ ጉራጌ የቆየ መልስ አለው፤ ጀፎረ ይባላል። በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይቆማሉ። መኪና ከመምጣቱ በፊት የነበረ ጎዳና ነው። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የመስቀል ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። መሬት ውድ በሆነበት፣ እንሰት ጓሮውን በሞላበት አገር ያንን የሚያህል ሜዳ ሳይታረስ መቆየቱ ራሱ ይገርማል። ማረስ አይቻልም፣ አጥርን ገፋ አድርጎ መብላት አይቻልም፤ የገፋ በሽማግሌ ይጠየቃል። የሚሠራበትን ምክንያት ሳስበው ደንቡ ብቻ አይመስለኝም፤ አቀማመጡም ነው። የሁሉም በር ወደ ጀፎረ ስለሚከፈት፣ አንድ ክንድ የገፋ አጥር በማግስቱ ይታያል። ሁሉም ባለቤት ነው፣ ሁሉም ያያል፣ መናገርም አያስቀጣም። ከባጃጇ ጋር ያለው ልዩነት ይሄ ነው።

ይሄ ልማድ ወደ አስፋልቱም ተሻግሯል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ማኅበር አቋቋሙ፤ ዓላማው ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርስ መንገድ ማሠራት ነበር። ስለዚህ ማኅበር ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት አቅርበዋል። የሚገርመኝ የጥናቱ ርዕስ ነው፦ የሚናገረው በከተማና በገጠር መካከል ያለን ግንኙነት ጠብቆ ስለማቆየት ነው። እንደኔ አነጋገር ስለ አያያዝ። መንገዱ የዝምድናው መያዣ ነበር። ከተማ የገባው ልጅ አገሩን የያዘበት ገመድ።

መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። የውኃ ቦዩን ከክረምት በፊት ለሚጠርገው ሰው ግን ሪባን የለውም። የተሳካ አያያዝ ምንም አይታይም፤ ውጤቱ «ምንም አልሆነም» ነው። ፍሬኑ ያዘ፣ ጎርፉ መንገዱን አልበላም፣ የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ዛሬም ውኃ አወጣ። ያልደረሰን አደጋ ማን ያመሰግናል? ለዚህ ነው ጀማሪ የሚወደሰው፣ ያዥ የሚረሳው። ለዚህም ነው በአንድ ርካሽ ጎሚኒ ምክንያት ፓምፕ ቆሞ፣ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው ወንዝ የሚወርዱት። ፓምፑን የተከለው ድርጅት ሰሌዳ ላይ ስሙ አለ። ጎሚኒውን በሰዓቱ የሚቀይር ሰው ስም የትም አይጻፍም።

ሰላምም ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. መስቃንና ማረቆ መካከል ግጭት ሲነሳ የተጋጩት እንግዳ ለእንግዳ አልነበሩም። አንድ ገበያ የሚውሉ፣ በርበሬ የሚሸጣጡ፣ የተጋቡ ጎረቤታሞች ናቸው። የጥፋቱን ድርሻ የማከፋፈል ሥልጣን የለኝም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌ የምንጠራው ደም ከፈሰሰ በኋላ ከሆነ ያ ጥገና ነው፤ የተቀደሰ ሥራ ነው፣ ግን አያያዝ አይደለም። ጎረቤትነትም እንደ ዲፈረንሻሉ ዘይት በአንድ ቀን አያልቅም፤ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ በፊት የሰሙ ሰዎች ሁልጊዜ ይኖራሉ፦ ገበያ ላይ የተወረወረ ቃል የሰማች ነጋዴ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆቹ አቀማመጥ በወገን መከፈሉን ያየ መምህር። መናገር ሳያስከስር እንዲናገሩ ያደረገ አደባባይ ነበራቸው ወይ? ለነገው ግጭትም መጠየቅ ያለበት ይሄ ይመስለኛል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ መንከባከብ የድህነት ልማድ ነው የሚለው አይቆምም። ድህነት ጥገናን ያስተምራል፤ ይሄ እውነት ነው። ካጣ በኋላ የሚጣፍ ሰው ተገድዶ ነው። አያያዝ ግን የሚጀምረው ማንም ሳያስገድድ፣ ነገሩ ደህና ሆኖ ሳለ ነው። የእንሰት እናቶች ይሄን ያውቁታል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል። ተፍቆ ቆጮ ሆኖ ጉድጓድ ከገባ በኋላም በየጊዜው ይከፈታል፣ ቅጠሉ ይቀየራል። የሚከፈተው ስለሸተተ አይደለም። እንዳይሸት ነው። ይሄን የምታደርግ እናት ደሃም ትሁን ባለጸጋ ሥራው አይቀርላትም።

የጉራጌ ልጅ የትም ይሁን የት በዓመት አንዴ አገሩ ይገባል። ለመስቀል የሚገባ አለ፣ ለአረፋ የሚገባ አለ፤ ቡታጅራ ሁለቱንም ታውቃለች። ከውጭ ለሚያይ ድግስ ነው፤ ክትፎና ጭፈራ። ውስጡን ላየው ግን የዓመቱ ፍተሻ ነው። ቤቱ ይለቀለቃል፣ አጥሩ ይታደሳል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፣ የሽማግሌዎች ምርቃት ይወሰዳል፣ አባት ልጁን ፊት ለፊት አይቶ «ከሳህ» ይለዋል። በስልክ «ደህና ነኝ» ሲል የከረመ ልጅ ነው። እንደ ባጊው ነጂ ከጉድለቱ ጋር ስለተስማማ እንጂ ሊዋሽ ብሎ አይደለም። ቀኑ ባይቆረጥ ኖሮ «ስመቻች እመጣለሁ» እያለ ይከርም ነበር። መመቻቸት ደግሞ አይመጣም።

እንግዲህ እኛ፣ ከአገር ቤት የቀን መቁጠሪያ ወጥተን በስልክ የምንኖር ልጆች፣ ቀን የቆረጥንለት ነገር ምን አለን? ጓደኝነታችንን የምንፈትሸው ስንጣላ ነው፤ ጤናችንን ስንወድቅ፤ እናታችንን ስትታመም። አሁን ሁሉም ደህና ነው እንላለን፤ ምናልባትም ነው። ግን ለምዶት «ደህና ነው» የሚል ሰው እና አይቶት «ደህና ነው» የሚል ሰው የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው አንድ ጥያቄ ሲጠየቁ ብቻ ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ፈትተህ ያየኸው መቼ ነው?